በአንድ ስልክ አሥራ አራት ልጅ

ሰይዶ የአሥራ አራት ልጆች አባት መሆኑ የተነገረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የክሩን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ የአንዲት ነርስ ጫማ እየሰፋ ሳለ ነው። ስልኩ ጮኸ። ክሩን ሳይለቅ አነሣው። አነጋገሯ የጎጃም የሆነ አንዲት ሴት “ጤና ይስጥልኝ፣ የተማሪ ወላጅ ነዎት?” አለችው። ከጀርባዋ የታፈነ ሳቅና የወንበር መንቋቋት ይሰማል። ለሰይዶ ጥያቄው አዲሱ አልነበረም። ችግሩ ዛሬ የማን ወላጅ እንደሆነ ቶሎ መገመቱ ላይ ነው፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነውና።

“ነኝ እንጂ! ምን አጠፋ ደግሞ ይሄ ልጅ?”

“የትኛው ልጅ?”

“የኔው ነዋ።”

“ስሙን ይነግሩኛል?”

“ኧረ ቲቸር፣ ቀኑን ሙሉ እርስዎ ጋ የሚውለውን ልጅ ስም እኔ ልንገርዎት?”

ያኔ ሃምሳ ሁለት ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። ስልኩ ለካ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ተደርጎ ተከፍቷል። ሳቁ በአንድ ጆሮው ከስልኩ፣ በሌላው ጆሮው ደግሞ አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ከሰይዶ የጫማ ሣጥን እስከ ስድስተኛ ክፍል መስኮት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሴትየዋ ራሷም ሳቋን እየታገለች “እባክዎ እስከ ክፍላችን ብቅ ይበሉ” አለችው። “ሁሉንም ባንዴ ያገኟቸዋል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡታጅራ ላይ አንድ ልጅ አርፍዶ ወይ መስኮት ሰብሮ “ወላጅ አምጣ” ሲባል፣ ወላጁ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የለም። አባት መርካቶ ሱቅ ከፍቷል፤ እንደ ቤቱ ልማድ ለአረፋ ወይ ለመስቀል ካልሆነ አይመጣም። እናት ጅዳ ሰው ቤት ናት። አሉ የተባሉትም እንሴኖ ገበያ ወርደዋል። ሰይዶ ግን አለ። ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በተጣፈ ጃንጥላው ሥር፣ አለ። ለዚሁ አባትነት የምትሆን ቡኒ ኮት ከአጥሩ ሚስማር ላይ ሰቅሏል። የራምዚ አባት ሲሆን ኮፍያውን ያጠልቅና አቶ ኡበይድ ይባላል፤ የሃይሚ አባት ሲሆን ኮፍያውን ኪሱ ከትቶ አቶ አዳነ ይሆናል። የዩኒት መሪው የጋሽ አምሀ መነጽር እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ስለሆነ አይለዩትም፤ ቢለዩትም ጡረታቸው ስለቀረበ አይጨነቁም። ሰይዶ የልጁን ጆሮ ይዞ የወለደ አባት የማይቆጣውን ቁጣ ይቆጣል፣ ይፈርማል፣ የስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ወደ ጫማው ይመለሳል። ክፍያ አይቀበልም። ልጁ ግን አንድ ወሬ እስከ መጨረሻው የማዳመጥ ግዴታ አለበት፦ አንድ ሰኔ የቡታጅራ ንፋስ ሰይዶን ከነጃንጥላው አንሥቶ እንሴኖ ገበያ መሐል እንዳወረደው፣ እዚያው በርበሬ ገዝቶ ሲያበቃ ንፋሱ ስለቆመ ለመመለሻ የሚኒባስ እንደከፈለ። ወላሂ ብሎ ነው የሚያወራው። የማያምን ልጅ በሌላ ቀን ሌላ አባት ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ሚስቱ ዘይባ አታውቅም። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ልጅ አልሰጣቸውም። ባንድ ክፍል የኪራይ ቤታቸው ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ አከራይ፣ ስለ ሰው ሠርግ ይወራል፤ ስለ ልጅ አይወራም። ሬዲዮው ስለ ክትባት ሲያወራ እንኳ ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ ጣቢያ ይቀይራል።

ሰይዶ ነርሷን የራሱን ሸበጥ አጫምቶ “መጣሁ” አላትና ኮቱን ለብሶ ገባ። ኮፍያውን ግን ያድርገው ወይስ ያውልቀው ግራ ገብቶት በእጁ ይዞት ነበር። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከበር እስከ መስኮት፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ተቀዳዶ የተቀጣጠለ ወረቀት ተሰቅሏል። ወረቀቱ ላይ እንደ ክብሪት ሣጥን የተቆረጡ ባለቀለም ካሬዎች በዱቄት ሙጫ ተለጥፈዋል፤ በየካሬው የአንድ ልጅ ስም። ከሥር ደግሞ ስልክ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ባንዱ ቁጥር ላይ አንድ ካሬ፣ በሌላውም አንድ፣ መንትዮቹ ላይ ሁለት፣ ከዚያ እንደገና አንድ፣ አንድ፣ አንድ። መሐል ላይ ግን ሜዳ ላይ እንደተተከለ የኔትወርክ ማማ ብቻውን ቆሞ ጣሪያውን ሊበሳ የደረሰ ዓምድ አለ። ሰይዶ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ግራፍ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ለማወቅ አልተቸገረም።

ቲቸር ወርቅውሃ ቀጭን፣ ወጣት፣ በመስከረም የተመደበች ሒሳብ አስተማሪ ናት። ለትምህርት ቤቱ በዕርዳታ የመጡት አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር መጋዘን ተቆልፎባቸው ነበር፤ ሁለት ወር ለምና አስወጥታቸዋለች። ፕሮጀክተሩ እስኪሞቅ ዶሮ አሥር እንቁላል ትጥላለች እያሉ ልጆቹ ይቀልዱበታል። ወርቅውሃ ልጆቹን ራሳቸውን ዳታ አደረገቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ፣ የወላጅ ስም፣ የወላጅ ስልክ። “ደርድሩ፣ እዩ፣ ጠይቁ” ነው ትምህርቷ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ሳቢሪን ናት፤ ጣቶቿ በዕቃ ማጠብ ብዛት የተሰነጣጠቁ፣ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣን ልጅ። በስም ሲደረደር ምንም አልታየም፤ ኡበይድ፣ አዳነ፣ ሸረፋ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። “ቲቸር፣ በስልክ ብንደረድረውስ?” ያለችው ሳቢሪን ነበረች። አንድ ቁልፍ ነካች። አሥራ አራት መስመር ከየተበተነበት እየሮጠ መጥቶ ባንድ ቁጥር ላይ ተጣበቀ። አሥራ አንደኛው መስመር የራሷ ነው።

“ይሄ ረጅሙ ምንድነው?” አለ ሰይዶ፣ እንዳላወቀ።

“እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ሰይዶ!” አለ ራምዚ።

“ተሳስታችኋል። እኔ አጭር ሰው ነኝ።”

ክፍሉ እንደገና ተናጋ። ቲቸሯም አብራ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ “ጥሩ፣ ደረደርን፣ አየን። የቀረን ምንድነው?” አለች። “መጠየቅ!” አሉ። ሰንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ርእሱ “ለምን ጋሽ ሰይዶ?” የሚል። አሥራ አራቱ በተራ እየተነሡ መለሱ፣ ሳቢሪን ትጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ እየሳቁ ነበር። ራምዚ “እማዬ ጅዳ ናት፣ አባዬ ለአረፋ ነው የሚመጣው” አለ። አንዷ “አያቴ እግሯ አይሄድም” አለች። ሃይሚ ተነሥታ “አባቴ እዚሁ ከተማ ቢሮ ነው የሚሠራው” አለችና “ከመጣ ይመታኛል” ብላ ተቀመጠች። ከእሷ በኋላ የሳቀ የለም። ሳቢሪን ተራዋ ሲደርስ አልተነሣችም፤ እንደተቀመጠች ጻፈች። ፕሮጀክተሩ ግን ምሥጢር አያውቅምና ግድግዳው ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል “ሰው የለም” የሚል ወጣ። ወርቅውሃ እነዚህን መልሶች በየዓይነታቸው ቆጥሮ ሁለተኛ ግራፍ መሥራት ነበር ዕቅዷ። ጠመኔውን አነሣች፣ አስቀመጠችው። ለዚህ የሚሆን ጥያቄ የመምህሩ መምሪያ ላይ አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ኢስሀቅ በሩን ሳያንኳኳ የገባው በዚህ መሐል ነው። ዘንድሮ የተሾመ፣ ላብ የማይለየው ሰው ነው። ሰይዶን ከነኮቱ፣ ግድግዳውን ከነማማው አየና “ሱብሃነላህ” አለ። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣበት ነገር እዚህ ተለጥፎ አገኘው። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በሲስተም ሆኗል፤ ካለፈው መዝገብ የገቡት አሥራ አራት ተማሪዎች በአንድ የወላጅ ስልክ ስለተገኙ ሲስተሙ ቁጥሩን አግዶታል። ለእያንዳንዱ ልጅ መታወቂያ የያዘ አንድ ወላጅ ወይ አሳዳጊ፣ የራሱ ስልክ ያለው፣ በአካል ይቅረብ ነው የሚለው። መዝጊያው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያልተመዘገበ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ሰባተኛ አይገባም። “እኔን አትዩኝ” አለ ኢስሀቅ፣ ማንም ሳያየው። “ሲስተሙ ነው።”

አሥራ ሦስቱ ልጆች በበሩ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ወጡ። አንዱ አክስቱን፣ አንዱ የአባቱን ወንድም፣ አንዱ ጎረቤት ሊያመጣ። ሃይሚ አባቷን ለመጥራት እያለቀሰች ሄደች። ሳቢሪን ብቻ ፕሮጀክተሩን በሥርዓት አጥፍታ ገመዱን ጠቀለለች።

“አንቺስ?” አለ ሰይዶ።

“እትዬ እሺ አይሉም።”

“ሳይጠየቁ እንዴት እሺ ይላሉ? ተነሺ።”

እትዬ ፀዳለ ሳቢሪንን በቤት ሠራተኝነት ያስቀመጧት ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ፕላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ በጥልፍ የተሸፈነ ፍሪጅ አለ። ሰይዶ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በሶፋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ፕላስቲኩ ጮኸበት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀረቡለት። ያቀረበችው ሳቢሪን ናት፤ ደብተሯን አስቀምጣ ሽርጧን መቼ እንዳሰረች አላየም።

“ወንድሜ፣ አበላታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ደብተር እገዛላታለሁ” አሉ ፀዳለ። “ወላጅ ነኝ ብዬ ግን አልፈርምም። ነገ አንድ ነገር ብትሆን፣ ብትጠፋ፣ ቢደፍሯት፣ ፊርማዬ አለ። የሰው ልጅ ናት። አጎቷ ነው አምጥቶ የሰጠኝ፣ እሱ ይፈርም።”

“ፈተናው ያመልጣታል፣ እትዬ።”

“እስካሁን የተማረችውስ ትንሽ ነው? ማንበብ ችላለች እኮ።”

ከጓዳ የሰሃን ድምፅ ይመጣል። ስለ እሷ እየተወራ ሳቢሪን የቁርሱን ዕቃ እያጠበች ነበር። አጎቷ ጉብሬ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ሰይዶ ደወለ። አጎትየው አላነሣም፤ ደጋግሞ ሲሞክር ሰባት ሰዓት አልፎ አነሣ። ከጉብሬ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ ዛሬ እንደማይደርስ፣ ደንበኛ እንደጫነ፣ ነገ ከሆነ እንደሚያስብበት ተናገረ። “ለመሆኑ አንተ ማነህ?” አለ በመጨረሻ። ሰይዶ ኮፍያውን አጠለቀ፣ መልሶ አወለቀው። ስልኩን ዘጋው።

ዘይባ በሰፌድ በርበሬ እየለቀመች አገኛት። ቁጭ ሳይል፣ የበሩን መቃን ይዞ ነገራት፤ ኮቱን፣ ጋሽ አምሀን፣ ማማውን፣ ልጅቷን። ልጅቷ ውጭ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ዘይባ እጇን አላቆመችም። ቀዩን ወደዚህ፣ የጠቆረውን ወደዚያ። ሲጨርስ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም፣ ተነሥተው ጣቢያ እንዲቀይሩ። ሰይዶ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

“ስንት ናቸው አልከኝ?”

“አሥራ አራት።”

“አሥራ አራት” አለች፣ በርበሬዋን እንደምትቆጥር ሁሉ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ የአረፋ ሻሿን አውጥታ አሰረች፤ መታወቂያዋን ከፍራሹ ሥር መዝዛ ወጣች። አጥሩ ሥር ስትደርስ የሳቢሪንን የተሰነጣጠቁ እጆች ያዘችና አገላብጣ አየቻቸው። “ስምሽ ማነው?” አለቻት። ሦስቱም አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄዱ።

ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። የኢስሀቅ ቢሮ ወላጅ በወላጅ ሆኗል። ሃይሚ ከእውነተኛው አቶ አዳነ ጎን ወለል ወለሉን እያየች ቆማለች። ኢስሀቅ የዘይባን መታወቂያ ተቀብሎ አንድ በአንድ አስገባ፤ ቀጥል የሚለውን ተጫነ፤ ስክሪኑ ቀላ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ቀላ። አጎንብሶ አነበበና ራሱን ያዘ። ዘይባ ስልክ ኖሯት አያውቅም፤ መታወቂያ ያወጣች ቀን የባሏን ቁጥር ነው ያስመዘገበችው። የታገደው ቁጥር ያው ነው።

“ሌላ ቁጥር ጻፍላት” አለ ሰይዶ።

“የመታወቂያው ካልሆነ አይገጥምም። አስቀይሩ፣ ነገ ኑ።”

“ነገማ ተዘጋ አልክ።”

“ተዘጋ።”

“በቃ በእኔ ይሁን። የኔን እገዳ አንሣ።”

“ሰይዶ፣ በአሥራ አራት ስም ፈርመሃል። የዚችን አባት ሸረፋን ሆነህ ፈርመሃል፣ የሞተ ሰው! ዛሬ ሰይዶ ነኝ ብትል ማን ያምነኛል?”

ወርቅውሃ የራሷን መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ኢስሀቅ በጣቱ መልሶ ገፋላት፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ለተማሪ አሳዳጊ ሆኖ አይመዘገብም፤ ያም ሕግ ነው። ሰዓቱ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሆነ።

ሰይዶ ሮጠ። ወላጅ ሊቀጥር ነው የሮጠው፤ ነርሷ ትዝ አለችው። ነርሷ ግን ታክታ ሸበጡን እንዳደረገች ሄዳለች፤ ጫማዋ ብቻ ከነክሩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በሩ ላይ ባጃጅ የደረደሩት ልጆች ዘንድ ደረሰና “አንድ ሰው መታወቂያ ይዞ ይምጣልኝ፣ የአንዲት ልጅ ወላጅ ይሁንልኝ፣ አሥር ደቂቃ ነው!” አለ። እነሱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ዛሬ ደግሞ አዲስ አመጣ!” አለ አንዱ። “ጋሽ ሰይዶ፣ በንፋስ እንምጣ ወይስ በእግር?” አለ ሌላው። ወላሂ አለ። ሳቁ ባሰ፤ ወላሂን ከንፋሱ ጋር ያውቋታልና። የሱቅ ባለቤቱን ለመነ፣ ሰውየው እየሳቀ መስቲካ ሰጠው። አንዲት መንገደኛ ሴትን እጇን ይዞ ለመነ፤ እሷ ሳትስቅ ቦርሳዋን አጥብቃ አለፈች። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሲያዩት ባጃጅ ነጂዎቹ አጨበጨቡለት። እንዲህ አድርጎ ሲያስመስል አይተውት አያውቁም።

ዘጠኝ ሲሆን ሲስተሙ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ግራፋቸውን ሲያስተካክሉ ውለዋል። አሳዳጊ ያገኘ ሁሉ ካሬውን ከሰይዶ ላይ ልጦ አዲስ ቁጥር ጽፎ እዚያ ለጥፏል። ማማው ፈርሶ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ሆኗል፤ በሰይዶ ቁጥር ላይ አንድ ሰማያዊ ካሬ ብቻ ቀርቷል። ሳቢሪን ከቲቸሯ፣ ከሰይዶና ከዘይባ ጋር ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የክፍሉ ሰንጠረዥ ሃምሳ ሁለት ይላል፤ የተመዘገበው ሃምሳ አንድ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ስሕተት አለ ማለት እንደሆነ ተምራለች።

“ቲቸር፣” አለች፣ ገመዱን ልጠቅልለው ወይ በምትልበት ድምፅ፣ “እንዲገጥም የኔን መስመር ልሰርዘው?”

ወርቅውሃ ሄዳ በሁለት መዳፏ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሸፈነቻቸው፤ እንደዚያው ሆና ቀረች። ሳቢሪን ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደችና ካሬዋን በጥፍሯ ፋቀቻት። የዱቄቱ ሙጫ ደርቋል፤ ወዲያው ለቀቀ። ወዴት እንደምትወስዳት ግን አላወቀችም፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ሰይዶ አፉን ከፈተ። አንድ ወሬ፣ አንድ ንፋስ፣ አንድ ጃንጥላ ፈለገ። አልመጣለትም።

ማንበብ የማትችለው ዘይባ ቀረብ አለች። “ይቺ የማን ናት?”

“የኔ።”

“የት ነበረች?”

“እዚህ። ጋሽ ሰይዶ ላይ።”

ዘይባ ካሬዋን ተቀብላ ቦታዋ ላይ መለሰቻት። ወደቀች። አንሥታ መለሰቻት። ወደቀች። ሰይዶ ከኮቱ ኪስ የማስቲሹን ቆርቆሮ አወጣ፤ ጎማ ከቆዳ የሚያጣብቅበትን። በጣቱ ቀባ አድርጎ ካሬዋን አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ተጫናት። ስሟ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ነበር፤ ማንም ይስተካከል አላለም።

“ይደርቃል?” አለች ሳቢሪን።

“ሩብ ሰዓት ይፈልጋል።”

ደወል ተደወለ። የዕለቱ የጽዳት ተረኞች ክፍሉን ለመጥረግ በሩ ላይ ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ሰይዶ አውራ ጣቱን አላነሣም።